«እርጉዝ አለች?» ተብለው ሲጠየቁ

እህቴ ማርገዟን የነገረችኝ በስልክ ነው። ያንንም ቢሆን ቀጥታ አላለችውም። «ቆሎ አማረኝ» አለች። እኔ ባሕራ በምትባለው ከተማ፣ የምሠራበት ጎማ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። ከጅዳ ወደ መካ የሚያልፉት መኪኖች ድምፅዋን ይውጡብኛል።

«ቆሎ ከየት ላምጣልሽ?» አልኳት።

«አንተ ጅል! አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ምን ተማርክ?» ብላ ሳቀች። ያኔ ገባኝ። ወዲያው ድምፅዋን ቀንሳ «ለማንም እንዳትናገር። ለእማም ጊዜው ሲደርስ እኔው እነግራታለሁ» አለችኝ።

እኛ አገር እርግዝና አይወራም። ሆድ ራሱ እስኪናገር ይጠበቃል። ሰው ቢጠይቅ እንኳ «ኧረ የለም» ይባላል፣ ዓይን እንዳይበላው። እናታችን እኔን ስታረግዝ ጎረቤት ያወቀው ምጥ ሲይዛት ነው ይባላል። ጅዳ ላይ ደግሞ ዓባያ አለ፤ በዚያ ሰፊ ጥቁር ልብስ ውስጥ ሆድን መደበቅ ቀላል ነው።

እህቴ መጀመሪያ የመጣችው እንደ ብዙዎቹ ለቤት ሥራ ነበር። ኋላ ማዳሟ ፈቅዳላት ወደ አንድ የጽዳት ኩባንያ ተዛወረች። ኩባንያው ሴቶቹን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ያሠራቸዋል፤ ማደሪያም ሰጥቷቸዋል። አገር ቤት ያገባችው ባሏ እዚህ አብሯት ነበር። እሷ ካረገዘች ብዙም ሳይቆይ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ተበላሽቶበት ተያዘና በሹመይሲ እስር ቤት በኩል ወደ አገር ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ያላት ዘመድ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም ከአርብ በስተቀር አላገኛትም።

አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ሥራውን ለሌላ ኩባንያ ሰጠ። ሴቶቹን ግቢው መሃል ሰበሰቧቸው። የኩባንያው ኃላፊ ሴት ለአብዛኞቻችሁ ሥራ የለም፣ ወደየአገራችሁ ትሸኛላችሁ አለቻቸው። ቀጥላም «ፊ ሐሚል? እርጉዝ አለች?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰም። እህቴ ከፊት ነበር የቆመችው። ኃላፊዋ በጣቷ እያመለከተቻት «አንቺስ?» አለቻት።

«ኧረ የለም» አለች እህቴ።

ይህን ያወራችኝ በሚቀጥለው አርብ፣ መካ፣ መንሱር ሠፈር፣ ኻላ ቤት ነው። ኻላ፣ አክስት ማለት ነው፣ የምንላት በዝምድና አይደለም። አያቶቿ ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ትልቅ ሴት ናት። እህቴ እየሳቀች ነበር የምታወራው። «ያ ሁሉ ሴት አፍጥጦ እያየኝ አዎ ልበል?»

ኻላ አልሳቀችም። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አብደሻል? ለምን የጠየቀችሽ መሰለሽ? ሐሚል ከሥራ አትባረርም፣ ሕግ ነው! እስክትወልጂ ደመወዝሽ አይቋረጥም። ወልደሽ ስትተኚም ይከፈልሻል። የሆስፒታል ካርድሽስ? ሥራው ኻላስ፣ አበቃ ካለ እሱም ኻላስ ነው። የት ልትወልጂ ነው፣ እዚህ ኩሽናዬ ውስጥ?» የኻላ ልጅ በአንድ ድርጅት ተቀጥራ ሳለች ወልዳ ስለነበር ኻላ ነገሩን በደንብ ታውቀዋለች።

«ለሠራተኛ ይሄ የለም ሲሉ ነው የሰማሁት» አልኩ።

«የቤት ሠራተኛ ከሆነች የለም። እሷ የኩባንያ ናት» አለችኝ። «የሐኪም ወረቀት ይዛችሁ ሥራ ቢሮ ሂዱ። ከመሸኘቷ በፊት። እዚያ ግን ትጠየቃለች፤ በአፏ ትናገር።»

እህቴ ዓባያዋን ወደ ፊት ሰበሰበች። «ወንዶች ፊት?»

«እኔ እናገርልሻለሁ» አልኳት።

«አንተ ነህ ያረገዝከው?» አለች ኻላ።

ስንመለስ የጅዳ ታክሲ ተሳፈርን። ባሕራ ልወርድ ስል «ይሄ ልጅ አንድ ነገር ቢሆንብኝ እማን ምን እላታለሁ?» አለችኝ።  ሹፌሩ «ያላ፣ ቶሎ ውረድ!» ብሎ ጮኸብኝና ወረድኩ።

ሥራ ቢሮ የሄድን ዕለት የኩባንያው ሰው ቀድሞን ተቀምጧል። ስልኩን እየነካካ «ጠይቀናታል። በሰው ሁሉ ፊት የለም ብላለች። አሁን ከየት መጣ?» አለ። ዳኝነቱን የያዘው ወጣት ሰው የሐኪሙን ወረቀት ካየ በኋላ ወደ እህቴ ዞረ። «አንቺ ተናገሪ።»

ወደ እኔ ዞረች።  አፌን ልከፍት ስል እጄን ያዘችኝ።

«አና ሐሚል» አለች፣ በጣም በቀስታ። እርጉዝ ነኝ ማለቷ ነው።

«አልሰማሁም» አለ ሰውየው።

«አና ሐሚል! የዚያን ቀንም ነበርኩ። ፈርቼ ነው።» ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን።

ወጣቱ ወደ ኩባንያው ሰው ተመለሰ። ያን ቀን የለም ማለቷ መብቷን አያጠፋውም፣ እስክትወልድ ልታሰናብቷት አትችሉም አለው። በሌላ ሕንፃ ሥራ ሰጧት። ከቢሮው ስንወጣ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። «በቃ፣ አሁን ጅዳ በሙሉ አወቀልኝ!» አለች። የዚያኑ ዕለት ለእናታችን ደወለችላት።

የወለደችው ሆስፒታል ነው። በካርዷ ነው የገባችው፤ ማንም ከበር አልመለሳትም። ሴት ልጅ ወለደች። ከዚያ ደሙ አልቆም አለ። ይህን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። እህቴ ሞተች፣ ልጅቱ ተረፈች።

መካ ቀበርናት። ቃሬዛውን የተሸከሙት የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ስሟን እንኳ አያውቁም። ሲጨርሱ እጄን እየጨበጡኝ ሄዱ። ልጅቱን ወደ አገር ቤት የምትሄድበት ወረቀት እስኪያልቅ ኻላ ወሰደቻት።

እናቴ በስልክ ካለቀሰች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ማነው ሰው ፊት ያስወራት?»

«ራሷ ናት የተናገረችው፣ እማ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።»

«ዓይን ነው» አለች። አልተከራከርኳትም። ሐኪሙ የደም መፍሰስ ነው ብሎኛል፤ እኔም የማምነው እሱን ነው። ብቻዬን ስሆን ግን ሁለቱም ያወሩኛል፣ እናቴም ሐኪሙም።

ዕቃዋን ልወስድ ማደሪያቸው ሄድኩ። ወንድ ስለማይገባ ሻንጣዋን አንዲት የአገራችን ልጅ እስከ በሩ አመጣችልኝ። አላህ ይማራት አለችኝ። ሻንጣውን ሰጥታኝም አልተመለሰችም፤ ወደ ኋላዋ ትገላመጣለች።

«ሥራ ቢሮ ሄዳ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ምን ብላ ነው የነገረቻቸው? በአረብኛ እንዴት ነው የሚባለው?»

እጆቿ በዓባያዋ ላይ ሆዷን ይዘው ነበር። እህቴ ኋላ ምን እንደሆነች ታውቃለች፤ ሁሉም ያውቃሉ። እያወቀች ነው የምትጠይቀኝ። ሻንጣውን መሬት አስቀመጥኩ።

«አና ሐሚል» አልኳት። «ቀስ ብለሽ አትበዪው። ያስደግሙሻል።»

ፊቷን ወደ ብረት በሩ አዙራ ለራሷ አለችው። ደገመችው።

«ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ» አልኳት።