«ምንም የለም» ብዬ ያስጻፍኩት

ክፍሉ እየዞረብኝ «ምንም የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ያልኩት ለምንድን ነው? 

ታላቅ ወንድሜ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ለቅሶ ቤት ሜታኖል የሚባል መርዝ የተቀላቀለበት አረቄ ጠጥቶ በሁለተኛው ቀን ዓይኑ ጠፋ። ያን ጊዜ ማርከሻ መድኃኒቱ አልተገኘም። ከዓመታት በኋላ እዚሁ ጉለሌ፣ ለዚሁ መርዝ የተሠራ አዲስ ማርከሻ ጉዳት እንደሌለው በጤነኞች ላይ ሊሞከር ነው ሲባል ተመዘገብኩ።

«አንቺ?» አለኝ ወንድሜ፣ ክር በዳበሳ እያጠነጠነ። «ጠላ እንኳ ቀምሰሽ አታውቂ፣ ማርከሻውን ልታስቀድሚ? በቃ፣ አረቄውን ደግሞ ታስከትያለሽ!»

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ሊሞላኝ ሲል፣ በማታ ትምህርት ነው። ለዚህ ይሆናል የተጻፈ ነገር ላይ ድርቅ የምለው። የፈቃደኝነቱን ቅጽ ሦስቴ አንብቤ፣ «ትንሽም ቢሆን የሚሰማዎትን ይናገሩ» ከሚለው ሥር አስምሬ ነበር።

መድኃኒቱ በክንዴ መግባት እንደጀመረ መስኮቱ ላይ የሚታየው ባሕር ዛፍ ተንጋደደብኝ። ነርሷ መጣች።

«እትዬ፣ የሚሰማዎት ነገር አለ?»

«ምንም የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

አጠገቤ የተኛችውም እንዲሁ አለች። ደህና ነህ ወይ ሲሉት አመመኝ ብሎ የሚጀምር ማን አለ? ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ በእኔ ምክንያት መድኃኒቱ እንዳይወድቅ ፈራሁ። ነርሷ ስትሄድ ሰዓቴን አየሁ፣ ማዞሩ ሲተወኝም አየሁ፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ። በያዝኩት መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ያንን መጽሐፍ ማንበብ አቃተኝ።

አንድ ቀን ወንድሜ ክንዴን ይዞ ከታክሲ ሲወርድ፣ እግሩ መሬቱን ሲፈልግ አየሁ። እንደሱ ዓይኑ የጠፋ ሰው ይህን መድኃኒት ወስዶ፣ ያዞራል ብሎ የነገረው ሳይኖር ከአልጋ ቢነሳስ?

ለክትትል በተቀጠርኩበት ቀን መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ።

«ሲስተር፣ ዋሽቼሻለሁ» አልኩና ኅዳጉን አሳየኋት።

አነበበችው። «እኔን! ሁላችሁም እኮ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የምትሉኝ። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚያመው ሰው አግኝቼ አላውቅም!»

መዝገቧ ላይ የሰፈረውን የቀድሞውን «የለም» አልፋቀችውም። አንድ መስመር ሰርዛበት፣ አጠገቡ ማዞሩን ከነደቂቃው ጻፈች፤ ቀንና ፊርማዋን አኖረች።

«ማቅለሽለሽስ ነበረዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስ…» ስል ቀና ብላ አየችኝ።

«ትንሽ» አልኳት።