በሩን የሚዘጋው ሰው

ሬዢስ ቴቭኔ ከሁሉ ኋላ መንዳት የጀመረው ጉልበት አንሶት አይደለም። በደህናው ጊዜ ከፈረንሳይዋ ከተማ ከሊዮን በስተምዕራብ ያለውን ኮረብታ ሁሉ በጠጠር መንገድ ብስክሌት ሲወጣ የሚደርስበት አልነበረም። ግን የብስክሌት ማኅበሩ በየጥቅምቱ ለሚያካሂደው ጉዞ መንገዱን የሚመርጠው እሱ ነው፤ በዋዜማው በየመታጠፊያው አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት የሚሰቅለውም እሱ ነው። የሰቀለ ደግሞ ማውረዱ አይቀርለትም። ቀስት የሚያወርድ ሰው ከሁሉ መጨረሻ መሆን አለበት፤ ከቀደመማ ከኋላው ያለው ሰው ጫካ ውስጥ ሊቀር ነው። ከኋላ ሁሉን እየጠረገ ስለሚመጣም ስሙ “መጥረጊያው” ሆኖ ቀረ።

ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ “አሁን ታርፋለህ” ያሉት ሰዎች ምን እንደሚጠብቀው አላወቁም። ክረምቱ ሲያልፍ መንገዱን እየዞረ ያያል። ወይን እርሻው ጥግ የነበረችው ቀጭን መንገድ በእሾህ ተውጣ ያገኛታል፤ ጫካው ውስጥ ዛፍ ወድቆ ይጠብቀዋል፤ ወንዙ ዳር ያለው ገበሬ ዓምና በመሬቱ እንዲያልፉ የተስማማውን ዘንድሮ ይረሳዋል። ሬዢስ መጋዙን፣ ትዕግሥቱንና አንድ ጠርሙስ ወይን ይዞ በየበሩ ይለምናል። ሲሳካ የሚመሰገነው ኮረብታው ነው። “እንዴት ያለ አገር ነው!” ይላሉ ነጂዎቹ፤ አገሩ ራሱን በራሱ የጠረገ ይመስላቸዋል።

ዘንድሮ በቃው። የጉልበቱ ሕመም ብቻ ቢሆን ይችለው ነበር። የከበደው ልመናው ነው፤ ገና ደጃፍ ሳይደርስ ምን ብሎ እንደሚጀምር ሲያስብ ይደክመዋል። ስለዚህ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሳና “ይኼ የመጨረሻዬ ነው። ማን ይረከበኛል?” አለ።

ሁሉም ብርጭቆ ብርጭቆውን ማየት ጀመረ። በመጨረሻ የተናገረችው ሶሌን ናት። ሶሌን ነርስ ናት፤ ምላሷም እግሯም ፈጣን ነው።

“ቀስቱን ለምን አትተወውም ሬዢስ? መንገዱ እኮ ሁላችንም ስልክ ላይ አለ።”

“ዓምና ስልክሽ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲያስለቅምሽ ውሎ የለም እንዴ?”

“አንዴ ተሳሳተ ተብሎ…”

“ደግሞስ ስልክሽ የማዳም ዦስራንን በር ይዘጋል?”

ሰዉ ሳቀ፤ እጁን ያነሳ ግን አልነበረም።

የማዳም ዦስራን በር የሚባለው ከጫካው ሲወጡ፣ ታች ወዳሉት ኩሬዎች ከመውረዳቸው በፊት ያለው የግጦሽ በር ነው። መንገዱ የመንደር ሳይሆን የእሳቸው ነው። ያንን ካላለፉ ብስክሌተኛው ሁሉ ወደ ታች የጭነት መኪና መንገድ ሊገባ ነው፤ ጉዞውም ሞተ ማለት ነው። ማዳም ዦስራን ሲፈቅዱ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ “የመጨረሻው ሰው ይዝጋ።” ብስክሌቱ እስኪያልቅ ላሞቹ ደንብረው ታች ጥግ ይቆማሉ። ጸጥ ሲል ግን ቀስ እያሉ ወደ በሩ ይመጣሉ። የመጨረሻው ሰው ሁልጊዜ ሬዢስ ነው፤ ሬዢስ ደግሞ ያልዘጋበት ዓመት የለም።

የጉዞው ዕለት ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎት አደረ። ሬዢስ የቀስቱን ከረጢት ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ወይን እርሻውን እየነዳ አልፎ፣ ጫካውን ደግሞ ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ። ከፊቱ የቀደሙት ሰዎች ድምፅ ከጠፋ ቆይቷል። በሩ ጋ ሲደርስ ቀስቱን አወረደና ግንባሩን እንጨቱ ላይ አሳርፎ ቆመ። “በቃ፣ ከእንግዲህ እዚህ አልቆምም” ብሎ አሰበ። ደስ የሚለው መስሎት ነበር፤ ምንም አልተሰማውም። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

ጉዞው የሚያበቃበት የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሲደርስ ሰዉ በልቶ ሊጨርስ ነው። ሶሌን በወይን የተቀቀለ ቋሊማና ድንች በሳህን ይዛለት መጣች።

“ብላ ሽማግሌው። በርህን ስመህ ተሰናበትከው?”

ሹካው እጁ ላይ ቀረ። ቀስቱን ማውረዱን ያስታውሳል፤ የበሩን ሰንሰለት መንካቱን ግን አያስታውስም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። ማዳም ዦስራን ተቆጥተው መንገዱን ቢከለክሉ ጉዞው በራሱ ይቀራል፤ ሬዢስ ገደለው የሚል አይኖርም። ወዲያው የጭነት መኪናው መንገድና ላሞቹ ትዝ አሉትና በሐሳቡ አፈረ።

“መኪናሽን አምጪ” አላት። “በሩን አልዘጋሁትም።”

ሶሌን ለቀልድ የከፈተችውን አፍ ዘጋችና ቁልፏን አነሳች።

ሲደርሱ ማዳም ዦስራን በቦት ጫማ በሩ መሐል ቆመዋል፤ በእጃቸው ዱላ ይዘዋል። ላሞቹ ውስጥ ናቸው።

“ሁሉም ገቡ?” አለ ሬዢስ።

“ገቡ። አንዷ ብቻ የጎረቤቴን ወይን ስትቀምስ ደረስኩባት። እየተሰዳደብን መጣን።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ ማዳም። እኔ ነኝ የረሳሁት።”

“አንተ መሆንህንማ አይቻለሁ። ሁልጊዜ በመስኮት አይሃለሁ። ዛሬ እንጨቱን ተደግፈህ ስትቆይ አሞት ይሆን ብዬ ጫማዬን ሳጠልቅ፣ ለካስ ጥለኸው ልትሄድ ኖሯል።”

“ደክሞኝ ነው።”

“እኔስ? በዚህ ዕድሜዬ ከጊደር ጋር ስሯሯጥ አልደከመኝም?”

ሬዢስ ራሱን ዝቅ አደረገ። “እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አትለፉ ቢሉን አልቀየምዎትም” አለ። ልቡ ግን “በሉኝ” እያለ ነበር።

“ማን አትለፉ አለ? እኔ መንገዱን የሰጠሁት ለማኅበር አይደለም፤ ማኅበር በር አይዘጋም። የሰጠሁት ለሚዘጋው ሰው ነው። የሚዘጋ እስካለ እለፉ።”

“እኔ ከእንግዲህ አልመጣም። በቃኝ።”

“እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። ታዲያ ማን ሊዘጋ ነው?”

ሬዢስ ሶሌንን ዞሮ አላያትም፤ አንድ ሰው እንኳ ለመለመን አቅም አጥቷል። ሶሌን በአዳራሽ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ገባች፤ በሩን እየጎተተች አምጥታ ገጠመችና ሰንሰለቱን አዞረች።

“እንዲህ ነው?”

“አይደለም” አሉ ማዳም ዦስራን። “እዚያ ላይ ካደረግሽው ያቺ ቀንደ ጎደሎዋ በአፏ ትፈታዋለች። ላይኛው ምስማር ላይ ሁለቴ አዙሪው።”

ሶሌን ፈትታ እንደገና ሁለቴ አዞረችው። አሮጊቷ ሰንሰለቱን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ አልላላም።

“አንቺ፣ ስምሽ ማን ነው?”

“ሶሌን።”

“ሶሌን” አሉ ማዳም ዦስራን፤ እንዳይጠፋቸው ደገሙት። “ለከርሞ ጥቅምት እንገናኛለን እንግዲህ። ቦት ጫማ አድርገሽ ነይ።”

“እሺ ማዳም” አለች ሶሌን። ምን እንዳለች የገባት ካለች በኋላ ነው፤ ግን ቃሏን አላጠፈችም።

ሬዢስ ያን ሁሉ ዓመት በዚህ በር ሲያልፍ ስሙን የጠየቀው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ነው ልብ ያለው። ከነከነው። በዚህ ዕድሜ በእንዲህ ያለ ነገር መከፋት እንደማያምርበት ያውቃል፤ ቢሆንም ከፋው።

“የኔ ሬዢስ ነው” አለ።

ማዳም ዦስራን በደንብ አዩት፤ ክፋት አልነበረባቸውም።

“አሁን ምን ያደርግልኛል? አንተ ልትሄድ አይደል?”

ሬዢስ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ወደ መኪናው ሲመለሱ የቀስቱ ከረጢት አሁንም ትከሻው ላይ እንዳለ አየና አውርዶ ለሶሌን ሰጣት። “ማን ይረከበኛል?” ሲል የነበረው ሬዢስ፣ ሲረከቡት እጁን የሚያሳርፍበት አጣ፤ እስከ ሊዮን ድረስ ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሄደ።