አራት ቀን ሲቀረኝ

ይህ ለአንባቢ የሚበቃ ታሪክ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፤ መኪና አልተገለበጠበትም። እንዲያውም ለዶርም ጓደኞቼ ስነግራቸው ስቀዋል። የደረሰው ዘንድሮ ጥር ውስጥ ነው። እኔ ግን አባቴን ባየሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው። አባቴ ሰይድ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ቦታ ሉካንዳ ነበረው። ፍየሉን ጎህ ሲቀድ ቢስሚላህ ብሎ የሚያርደው ራሱ ነው፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም። እኔንም እህቶቼንም ያስተማረን ያ ሉካንዳ ነው።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አንድ መምህራችን የቤት ሥራ ሰጠን። እያንዳንዳችን አንድ ልማዳችንን ለአርባ ቀን ቀይረን፣ የየቀኑን እየመዘገብን ሪፖርት እንድናቀርብ ነው። ሌሎቹ ስልክ መቀነስ፣ በጠዋት መነሳት እያሉ መረጡ። እኔ መምህሩን ማስደነቅ ፈለግኩ። እጄን አውጥቼ “የሉካንዳ ልጅ ነኝ፤ አርባ ቀን ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር አልበላም” አልኩ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሁሉንም። መምህሩ “ጎበዝ!” አለኝ። ያቺ ቃል ለብዙ ቀን ደስ ስትለኝ ቆየች።

ግቢ ውስጥ ሽሮና ምስር ስለማይጠፋ አልከበደኝም። ቀኑ ሃያ ሰባት ሲደርስ እረፍት ሆነና ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ ለብቻዬ ቅቤ የሌለው ሽሮ ትሠራልኝ ጀመር። ፓፓያ እንደሆነ በእኛ አገር ሞልቷል። አባቴም የአስተማሪ ትእዛዝ ነው ስለው አልተቃወመኝም። ትምህርት የሚባል ነገር በጣም ያከብራል።

ቀን ቀን ሉካንዳው ውስጥ አግዘው ነበር። ምሳዬን ከቤት ይዤ ሄጄ እዚያው ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ካሚል የሚባል የሠፈራችን የባጃጅ ሹፌር ነው።

“ጋሼ ሰይድ፣ የሉካንዳ ልጅ ሽሮ ከበላ እኛ ምን እንብላ?” አለ።

አባቴም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

በዚያው ሳምንት ግን ወደ ቆላው በኩል ፍየል እያሳለው ይሞታል የሚል ወሬ ተሰማ። የአባቴ ፍየሎች ጤነኞች ነበሩ፤ ከመታረዳቸው በፊትም ባለሙያ ያያቸዋል። ቢሆንም ወሬውና የእኔ ሽሮ ተገናኙ። “የገዛ ልጁ እንኳን አይበላለትም” ይባል ጀመር። ወትሮ ከቀትር በፊት የሚያልቀው ሥጋ እስከ ማታ ተንጠልጥሎ ይውል ጀመር።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ ዘሀራ መጡ። መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት አላቸው፤ ከአባቴ ደንበኞች ሁሉ ትልቋ እሳቸው ነበሩ። ካሚልና ሁለት ሌሎች ሰዎችም በር ላይ ቆመው ነበር።

“ሰይድ፣ እኔ የምይዘው የመንገደኛ ሆድ ነው” አሉት። “እውነቱን ንገረኝ። ይኼ ልጅ ለምን አይበላም?”

“የትምህርት ጉዳይ ነው እትዬ።”

“ሥጋ አትብላ የሚል ትምህርት የት አገር አለ?”

“ወላሂ እትዬ፣ ይኼ ፍየል ትናንት ገመዱን በጥሶ እስከ አስፋልቱ አስሩጦኛል። የታመመ እንዲህ ይሮጣል?”

“እንግዲያው ልጁ ይቅመስልኛ። አሁን፣ እዚሁ ፊቴ። ከዚያ እንደ ድሮዬ እወስዳለሁ።”

የአባቴ ፊት ፈካ። ከሰሉ ላይ ጥቂት ሥጋ ጣል አድርጎ ጨው ነሰነሰበት። ሲበስል በእንጀራ ጠቀለለና ወደ አፌ ዘረጋው።

“አብዱዬ፣ እንካ የኔ ልጅ።”

የመጣልኝ ሪፖርቱ ነበር። ሠላሳ አምስት ቀን አንድም ሳላጎድል መዝግቤያለሁ። አሁን ብጎርስ፣ በልቻለሁ ብዬ መጻፍ ወይም መዋሸት ሊኖርብኝ ነው። ሁለቱንም አልፈለግኩም።

“አባዬ፣ ከዛሬ ሌላ አራት ቀን ብቻ ነው የቀረኝ” አልኩት።

“አራት ቀን ለምን? እስኪጣራ ነው?” አለ ካሚል። የቆሙት ሳቁ።

እትዬ ዘሀራ አልሳቁም። የአባቴ እጅ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጉርሻውን ራሱ ጎረሰው።

“አንተማ ትበላለህ። ሻጩ አንተ ነህ” አሉትና ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው ሄዱ።

አባቴ አልተቆጣኝም። ከሰዓት በኋላ ቢላዎቹን እያጠብን ሳለ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

“ብትጎርስ ኖሮ አስተማሪህ ምን ያደርግህ ነበር?”

“ምንም” አልኩት።

“ምንም?”

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንስቶ አያውቅም።

አርባው ቀን እንዳለቀ፣ በማግስቱ ሉካንዳው በር ላይ ቁጭ ብዬ ሰው እያየኝ ጥብስ በላሁ። አሁን ደግሞ አባቱ አስገድዶት ነው ተባለ። እትዬ ዘሀራ ከሌላ ቦታ መግዛት ጀምረው ነበር። እሳቸውን አይተው ሌሎቹም ቀሩ። ለረመዳን ይመለሳሉ ብለን ተስፋ አደረግን። ረመዳን ገባ፣ ወጣ፤ የመጡት ጥቂት ዘመዶቻችን ናቸው። የፍየሎቹን በሽታ ወሬ እንኳን ያን ጊዜ ማንም አያነሳውም ነበር።

ሪፖርቴ ክፍል ውስጥ ከተነበቡት ሦስት ሪፖርቶች አንዱ ሆነ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡልኝ። በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ላይ የጻፍኩት “ሽሮ፣ ግማሽ ፓፓያ” የሚል ነበር። ውሸት አልነበረውም። ስለ ጉርሻው ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ መምህሩም እስከ ዛሬ አያውቅም።

አሁን አባቴ ጀውሃ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ለአንድ ነጋዴ ፍየል እየገዛ መኪና ላይ ይጭናል። ስደውልለት ስለ ፈተናዬ ይጠይቀኛል፤ እኔም ጥሩ ነው እለዋለሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ብዙ ጊዜ ጀምሬ አፌ ላይ ቀርቶብኛል። ያን ጠዋት ጽኑ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አንድ ሰው ላለኝ “ጎበዝ” ስል የአባቴን እጅ ሰው ፊት መመለሴ ብቻ ነው የሚታየኝ።

አባቴ ሚዛኑን አውርዶ የሉካንዳውን ቁልፍ ለቤቱ ባለቤት ያስረከበው ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።