ታላቅ ወንድሜን መርከብ ላይ ያሳፈርኩበት ምክንያት

ልጄ በአንድ ትልቅ የሽርሽር መርከብ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ብዙ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ሁለት ዘመዶቹን በመንገደኝነት ማሳፈር ይችላል ተባለና ደወለችልኝ። «አባዬ፣ አንተ ና፤ ሌላ የምትፈልገውን አንድ ሰው ደግሞ ይዘህ ና» አለችኝ። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። ሶዶ ውስጥ አብሮኝ ቢሄድ ደስ የሚለኝ ሰው አላጣም። እኔ ግን ትንፋሽ ሳልወስድ ታላቅ ወንድሜን አልኳት።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ታላቁን የሚያከብር ሰው ይኸው አሉ። ሽማግሌዎቹ እጄን ይዘው ባረኩኝ። ያሰብኩትን ቢያውቁ እጄን ቶሎ ይለቁት ነበር። ወንድሜን የወሰድኩት ስለምወደው አይደለም። ባሕር ላይ መሄጃ ስለሌለው ነው። ሶዶ ላይ አንድ ነገር ስትጠይቀው ስብሰባ አለብኝ ይላል፣ ለቅሶ አለብኝ ይላል፣ ባጃጅ ጠርቶ ይሄዳል። ባሕር ላይ ባጃጅ የለም።

የምጠይቀው ነገር አንድ ነበር። እሱም ኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ አንዲት ያረጀች ወረቀት ላይ ነበር።

የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ዱቦ ሚሲዮን ግቢ ውስጥ ጣውላ እሸከም ነበር። እዚያ የእንጨት ሥራ የሚያስተምሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያዩኝ ቆዩና «እስቲ ያዝ» ብለው መላጊያ ሰጡኝ። ተቀብዬ ጣውላውን ላግሁት። በመዳፋቸው ዳበሱት። ስሜን ጠይቀው ጻፉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሚሲዮኑ የእንጨት ሥራ ትምህርት ቤት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣልኝ።

እኔ አንድ ፊደል አልለይም ነበር። ከቤታችን ማንበብ የሚችለው ታላቄ ብቻ ነበር፤ ገሱባ ከተማ ያስተምራል። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ደብዳቤውን ሰጠሁት። እንደ ቆመ አነበበልኝ። ያለውን ቃል በቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ስለማንቀበል፣ ቦታውም ስለሞላ፣ መጥቶ እንዳይደክም።» አጣጥፎ መለሰልኝና «አይዞህ፣ መሬቱ አለልህ» አለኝ።

መሬቱስ አለልኝ። እንሰት ስተክል፣ ስኳር ድንች ስቆፍር ኖርኩ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ሶዶ ገብቼ ዘበኛ ሆንኩ። የምጠብቀው ደግሞ የእንጨት ሥራ ቤት ነበር፤ ቁም ሣጥንና አልጋ የሚሠራበት። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጬ የሰው መላጊያ ሲያፏጭ እሰማ ነበር። የሚላገው ጣውላ የት ጋ እንደሚበላሽ በድምፁ አውቃለሁ። ማን ይጠይቀኛል።

ደብዳቤውን ግን አልጣልኩትም። ስሜ የተጻፈበት የመጀመሪያ ወረቀት ስለሆነ ነው። ስሜ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር፤ አለ ስለተባልኩ አለ ብዬ አስቀመጥኩት።

በአርባ አራት ዓመቴ ቤተ ክርስቲያናችን የጎልማሶች ትምህርት ከፈተችና ገባሁ። መጀመሪያ ወላይትኛ በላቲኑ ፊደል፣ ቀጥሎ አማርኛ። ከልጆቼ የሚያንሱ ሰዎች መካከል ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። አላፈርኩም። ማንበብ ስችል መጽሐፍ ቅዱሱን አላነሳሁም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያነሳሁት ያችን ደብዳቤ ነው። ቀስ እያልኩ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «ማንበብና መጻፍ ባይችልም እኛ እናስተምረዋለን። መኝታና ምግብ አለ። ሰኞ ጠዋት ይምጣ።» የተሳሳትኩ መሰለኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ለምታስተምረን ልጅ ወስጄ አሳየኋት፤ እሷም ስታነበው ያው ነው።

በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። እንግዲህ እኔን መራራ ነህ የሚል ሰው ይኖራል። ይበል።

ለምን ያኔውኑ አንገቱን አላነቅከውም የሚል ደግሞ የእኛን አገር ወግ አያውቅም። ጊፋታ፣ ማለትም የወላይታ ዘመን መለወጫ ሲመጣ፣ ሥጋው ከመቆረጡ በፊት የቤቱ ታላቅ፣ ባይራ የምንለው፣ ቂም የያዘ ሰው እንዳለ ይጠይቃል። ያለው ይናገራል፣ እዚያው ይታረቃል። ከዚያ ባይራው የመጀመሪያውን ሥጋ ይቆርጣል፣ ሌላው ይከተላል። የእኛ ባይራ ወንድሜ ነው። ዐሥራ ሦስት ጊፋታ ጠየቀ፣ ዐሥራ ሦስት ጊዜ የለም አልኩ። ዋሸሁ። አለ ብል ኖሮ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ቤቱ በልጆቹና በአማቾቹ ሞልቷል፤ ሽማግሌ ይነሳል፣ ጉልበት ይሳማል፣ በአምስት ደቂቃ ተለባብሶ ሥጋ ይበላል። እኔ እርቅ አልፈለግሁም። በገዛ አፉ እንዲናገር ነበር የፈለግሁት። ምን እንዳደረገ፣ ለምን እንዳደረገ፣ ሳያቋርጠው ሽማግሌ፣ ሳያድነው ስብሰባ።

ከሲንጋፖር ተሳፍረን በሃያ አንድ ቀን ደርባን ልንደርስ ነው። መርከቡ ከውሃው ላይ የቆመ ከተማ ነው። ክፍላችን መስኮት የለውም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እኔ ሳስመልስ ወንድሜ ነገሠ። እንግሊዝኛ ያውቃላ። የምግቡን ዝርዝር ጮክ ብሎ ያነባል፣ ለእኔም እሱ ይመርጥልኛል። ከፈረንጆቹ ጋር ቆሞ ሩብ ሰዓት ያወራል። «ምን አሉ ጋሼ?» እለዋለሁ። «ምንም፣ ሰላምታ ነው» ይለኛል። ሩብ ሰዓት ሙሉ ሰላምታ። እንደ ድሮው ነው፤ ሌላው ሰው ያለው ነገር ሁሉ በእሱ አፍ ተጣርቶ፣ ቀጥኖ ይደርሰኛል።

በአራተኛው ቀን እግዚአብሔር እኔን አየኝ። ላይኛው ወለል ላይ ወጥተን ሳለ የሚበር ዓሣ አለ ተባለ። ወንድሜ ብረቱ ላይ ተደግፎ አጎነበሰ፣ ነፋሱ መነጽሩን ከአፍንጫው ላይ አንስቶ ባሕር ውስጥ ጣለው። ሌላ አላመጣም። ያለ መነጽር ደግሞ የራሱን መዳፍ አያነብም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንባቢው እኔ ሆንኩ። ልጄ በአማርኛ የምትጽፍልንን አነባለሁ፤ የእንግሊዝኛውንም ፊደሉን ከወላይትኛው ስለማውቀው፣ ባይገባኝም፣ የቱ በር የቱ እንደሆነ እለያለሁ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። እጅጌዬን ይዞ ይከተለኛል። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ አዞርኩትና ቁጥሩ ጠፋብኝ አልኩት። ቁጥሩ አልጠፋኝም። ምግብ ቤት ስንገባ ጥብሱን ለራሴ አነሳለሁ፣ ለእሱ የተቀቀለ ካሮት እቆልልለታለሁ። «ሌላ የለም እንዴ?» ይላል። «ይኸው ነው ጋሼ» እለዋለሁ። ሽታው አፍንጫው ሥር እያለ። ደስ አለኝ። ደስ አላለኝም ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው።

ልጄ ከታች ነው የምትሠራው። መንገደኛ ወዳለበት ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ስንሳፈር ለአንድ ምሳ ወጥታ ነበር፣ ሁለተኛው የተፈቀደላት ለጊፋታ ቀን ነው። እስከዚያ መልእክቷን በአማርኛ ጽፋ ክፍል በሚያጸዳው ሰው እጅ ትልክልናለች። በስድስተኛው ቀን ከወረቀቱ ጋር ትንሽ ማኅደር መጣ። «አባዬ፣ ለአጎቴ ከመርከቡ ሱቅ የንባብ መነጽር አግኝቻለሁ፣ ስጥልኝ» ይላል። ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ እኔ አቀና። «ምን ትላለች?»

«መነጽር አልተገኘም፣ ደርባን እስክትደርሱ ቻሉት ትላለች» አልኩት።

«ይሁን እንግዲህ። አይዞሽ በልልኝ» አለ።

ማኅደሩን ኮቴ ውስጥ፣ ከደብዳቤው አጠገብ አስቀመጥኩት። ስድስት ቀን እዚያ ቆየ።

ጊፋታ እሁድ ዋለ። ልጄ ወጥ ቤቱን ለምና ጥሬ ሥጋ አሰናዳችልን። እሷ ሥራዋን ጨርሳ እስክትመጣ እኔና ወንድሜ ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ትልቁ መስኮት አጠገብ ተቀመጥን። ከሶዶ በብልቃጥ ይዤው የመጣሁትን ዳጣ፣ የእኛን የሚያቃጥል የበርበሬ ማባያ፣ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ሥጋው መጣ። እንደ ወረቀት ሳስቶ ተቆርጦ፣ ዘይት ፈሶበት፣ ቅጠል ተነስንሶበት። ወንድሜ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ደቅኖ በጣቱ ነካካው።

«ይህ ሥጋ ነው ወይስ የሥጋ ፎቶግራፍ?» አለ።

እኔም ሳቅሁ። ሳልወድ ነው የሳቅሁት። ከዚያ ጸለየና፣ ባይራ አይደለ፣ እንደ ወጉ ጠየቀ። ያለነው ሁለታችን ብቻ ስለሆንን እሱም እንደ ጨዋታ አድርጎት ነበር።

«ቂም የያዘብኝ አለ?»

«አለ» አልኩ።

ሹካውን አስቀመጠ። «ምንድነው?»

ደብዳቤውን አውጥቼ እጁ ላይ አኖርኩት። ዳበሰው። ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው። «አይታየኝም። አንብብልኝ» አለ።

ይህን ቃል ለመስማት ነው ውቅያኖስ ያቋረጥኩት። ተነሳሁ፤ እሱ ያኔ እንደ ቆመው ቆምኩ። «ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ስለማንቀበል፣ ቦታውም ስለሞላ፣ መጥቶ እንዳይደክም» ብዬ አነበብኩለትና አጣጠፍኩት።

የሰው ሹካና ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኛል። ከዚያ በቀስታ፣ «እንዲህ አይልም» አለ።

«የማነበው እኔ ነኝ ጋሼ። እርስዎ አይታይዎትም።»

«እንዲህ አይልም» ብሎ ደገመው። «‹ማንበብና መጻፍ ባይችልም እኛ እናስተምረዋለን› ነው የሚለው። መኝታና ምግብ አለ ይላል። ሰኞ ጠዋት ይምጣ ይላል።»

አንድ ቃል አልሳተም። ረስቶት ይሆናል ብዬ የፈራሁባቸው ቀናት ነበሩ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእኔ እኩል ይዞት ኖሯል።

ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። አባታችን ሞቶ ነበር አለ፣ እናታችን ብቻዋን ልትቀር ነበር አለ። ይህንን እኔም አውቀዋለሁ፣ የእሱም እናት ነበረች አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ በጣቱ እያስተካከለ ቆየ።

«አንተ ብትሄድ ከገሱባ ተመልሼ መሬቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ» አለ። «አልፈለግሁም።»

ይኸው ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ይህች አጭር ቃል ናት። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ይብስ ነደደኝ።

በዚህ መሐል ልጄ መጣች። ፀጉሯ ከእጥበት ክፍሉ እንፋሎት ገና እርጥብ ነው። አጎቷን ጉንጩን ስማ ፊቱን አየችና፣ «አጎቴ፣ መነጽሩ አልሆነልዎትም እንዴ? ከላክሁት እኮ ስድስት ቀኑ» አለች።

ወንድሜ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። አጥርቶ እንደማያየኝ አውቃለሁ፤ የገባው ግን ሁሉም ገብቶታል። ከዚያ ወደ እሷ ተመለሰና፣ «ሆኖኛል ልጄ። ክፍል ረስቼው ነው» አላት።

ሊሸፍነኝ ነው። በዚያች ደቂቃ የተናደድኩትን ያህል በደብዳቤውም አልተናደድኩም። አሁን ደግሞ ደግ ሊሆንልኝ ነው፤ ሶዶ ስንገባ እኩል ለእኩል ነን ሊለኝ ነው። እሱ የወሰደብኝ ሃያ ስድስት ዓመት ነው። እኔ የወሰድኩበት ስድስት ቀን ነው።

«አልረሳውም። እኔ ነኝ የደበቅሁበት» አልኩና ማኅደሩን ከደብዳቤው ጋር ዳጣው አጠገብ አስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ ምን ማለት ነው?» አለች።

«እሳቸው ይነግሩሻል። ያድርጉትና ያንብቡላት ጋሼ። እንደ ተጻፈው።»

መነጽሩን አደረገ። አንዱ ጆሮው ላይ ቶሎ አልገባለትም፤ አላገዝኩትም። ደብዳቤውን ዘርግቶ በአስተማሪ ድምፁ ጀመረ። ስሜ ጋ ሲደርስ ድምፁ ወረደ፣ ግን እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ይህን እኔ ነኝ ለአባትሽ ገልብጬ ያነበብኩለት» አላት።

ልጄ አላለቀሰችም። የእኔን እጆች ነበር የምታየው። «መቼ ነው ያነበቡለት?» አለችው።

«ቅዳሜ።»

«ታዲያ ሰኞ እኮ በነጋታው ማግስት ነበር» አለች። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌ ያልተነሳበት፣ ጉልበት ያልተሳመበት ጊፋታ ይህ ብቻ ነው።

ሥጋው እንደ ተቀመጠ ነው። ወጉ ባይራው እንዲጀምር ነው፤ የሚጀምረው ግን ከእርቅ በኋላ ነው። ወንድሜ በአዲሱ መነጽሩ ውስጥ አፌን ያየኛል። «ታረቅን ወይ?» አለኝ።

ከላይ ያለውን ሥጋ አነሳሁ። ዳጣ ውስጥ አጠቀስኩት፣ ሁለት ጊዜ፣ ቀይ እስኪሆን። ከእሱ በፊት ጎረስኩ። አቃጠለኝ፤ በዚያ መርከብ ላይ ጣዕሙ የገባኝ የመጀመሪያው ምግብ ነው። ልጄ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ታያለች። እሱ መልሴን ይጠብቃል፣ እጁን ወደ ሳህኑ አልሰደደም።

እኔ ቀስ ብዬ አላምጣለሁ። ደርባን ለመድረስ ገና ብዙ ቀን ነበረን።