የሩብ ቀን ሽሮፕ

ክፍልፋይን ስድስተኛ ክፍል ትቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ዱባይ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ሲበቃኝ፣ አንድ የሕፃናት ማቆያ የሒሳብ ፈተና ካለፍኩ በሞግዚትነት ሊቀጥረኝ ተስማማ። መድኃኒት መለካት፣ ወተት ማካፈል፣ ሁሉም እንደ ተረት የተጻፈ ጥያቄ ነው። ከወደቅሁ ተመልሼ ማዳም ቤት ነኝ።

አል ቁሰይስ ሰፈር በነበረን ቢድ ስፔስ፣ አልጋ አልጋ በተከራየንበት ክፍል፣ ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛ የወሎ ልጅ ነበረች። አገር ቤት ሒሳብ አስተማሪ ነበረች፤ እዚህ ሳትዋ የሚባል ሰፈር የሴቶች ሳሎን ውስጥ የሰው ፀጉር ታጥባለች። በእረፍታችን ቀን አል ማምዛር ባሕሩ ዳር ትወስደኝና ኹብዝ የሚሉትን ዳቦ እየቆረሰች ታስተምረኝ ነበር።

"ሩቡ የቱ ነው? አሳዪኝ እንጂ አትብዪው!" ትለኛለች። እኔ ሲጨንቀኝ እበላለሁ። "ሩብም በይው ዜሮ ነጥብ ሃያ አምስት፣ ዳቦው ያው ዳቦ ነው" ትላለች እሷ።

ቁጡ ነኝ። ስንት ጊዜ እርሳሱን ወርውሬ "ኸላስ፣ አልማርም!" ብያለሁ። እሷ አሸዋውን አራግፋ እርሳሱን መልሳ እጄ ላይ ታስቀምጠዋለች። ያን ትዕግሥቷን እናቴም አልነበራትም።

አንድ ቀን እንዲህ የሚል ጥያቄ ሰጠችኝ፦ አንድ ሕፃን በየሩብ ቀኑ ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ይወስዳል። የመጀመሪያውን በዚህ አገር አቆጣጠር ጠዋት 6 ሰዓት ላይ ከወሰደ፣ ሦስተኛውን በስንት ሰዓት ይወስዳል? እስከዚያስ ስንት ጠጣ? ሰባት ነጥብ አምስት ብዬ ጻፍሁ፤ ሰዓቱን ደግሞ 12። ኮራሁ።

"ዋላሂ ልጁን ፈጀሽው!" ብላ ሳቀች። "12 ሰዓት ምሽት የሚሆነው በእኛ ነው። በእነሱ እኮ ቀትር ነው፤ በቀትር ገና ሁለተኛውን ነው የሚወስደው፣ ሦስተኛው በእነሱ ምሽት 6 ሰዓት ነው።"

ለካ ስድስት ዓመት በነሱ ሰዓት እየሠራሁ በእኛ ሰዓት ነበር የማስበው።

ፈተናው ላይ በየሲሶ ቀኑ የሚሰጥ መድኃኒት መጣ። የመጀመሪያው ጠዋት 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ሁለተኛው መቼ ነው? እጄ 10 ብሎ ጻፈ። የእሷ ሳቅ ትዝ አለኝና ሰርዤ 4 አልኩ።

አለፍኩ። ወረቀቱን እንደያዝኩ ሳትዋ ሳሎኗ ሄድሁ። እጇን ከአረፋው አጥባ ተቀመጠችና፣ ታርሞ ያለቀውን ፈተና እንደገና ከአንደኛው ጥያቄ አንስታ ማረም ጀመረች። ቀይ እስክሪብቶ ስታጣ ከመደርደሪያው ቀይ የከንፈር እርሳስ አንስታ በየጥያቄው ላይ ራይት አደረገችበት። የተሰረዘው 10 ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች።

ዛሬም ለሕፃናቱ ወተት በለካሁ ቁጥር አመሰግናታለሁ። ያን ቀን ግን በምስጋና ፈንታ፣

"ቲቸር" አልኳት።

እርሳሱ እጇ ላይ ቆመ። እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም።

"ወዬ" አለችኝ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል።