ጫማ የሚወለቅበት ቤት

ናይሮቢ ውስጥ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ጥብቅና ስቆም ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከደንበኞቼ አንዷ አዲስ አበባ ያደጉ ኤርትራዊት እናት ነበሩ፤ ማታቱ ከሚባሉት ሚኒባሶች መቆሚያ ጀርባ፣ አንድ ሕንፃ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈው ይኖሩ ነበር። መጀመሪያ ላነጋግራቸው የሄድኩ ቀን ካርቶኑን ልረግጥ ስል፣ «ጫማሽን አውልቂ እንጂ ልጄ፣ ቤት እኮ ነው» አሉኝ። አወለቅኩ።

የሕንፃው ዘበኞች ዕቃቸውን እየወረወሩ አላስቀምጥ ሲሏቸው ፍርድ ቤት ሄድን። ሰው ጫማውን አውልቆ የሚገባበት ቦታ መኖሪያ ነው ብዬ ስከራከር፣ የባለሕንፃው ጠበቃ ሳቀ። «ታዲያ በሩ የት ነው?» አለ። ያ ሳቁ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ፣ እማማ በሐምሌው ብርድ ሳንባ ምች ይዟቸው ሞቱ። ከቀብር መልስ የእድራችን ሽማግሌ፣ «ለቅሶ የምንቀመጠው የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ቤታቸው ነዋ!» አልኩ።

ላቪንግተንና ኪሌሌሽዋ በሚባሉት የሀብታም ሰፈሮች የሚኖሩት የአገራችን ሰዎች የፕላስቲክ ወንበር በመኪናቸው ጭነው ተከተሉኝ። ስንደርስ ካርቶኑ የለም። ሲሚንቶው በሳሙና ታጥቦ ገና አልደረቀም።

ሽማግሌው ወንበራቸውን እንደያዙ ግራ ቀኝ አዩ። «ልጄ፣ ቤታቸው የትኛው ነው?»

ጫማዬን አወለቅኩ።

«ከነጫማዎ ቆመውበታል፣ ጋሼ።»