ለማሽኑ ያልተነገረው ፈረስ

ልጅ እያለሁ በአንድ ማሽን ላይ በሐሰት ምያለሁ። ነጋዴ ነኝና ከዚያ ወዲህ አፌ ንጹሕ ነው ብዬ ማንንም አላሞኝም። “በገዛሁበት ነው የሸጥኩልህ” ብሎ የማያውቅ ነጋዴ ደሴ ላይ ካለ አሳዩኝ፣ የሱቄን ቁልፍ አስረክበዋለሁ። እንዲህ ያለውን ውሸት ገዢም ሻጭም ስለሚያውቀው እንደ ሰላምታ ነው፤ ተባብለን እንለያያለን። ያኛው ግን አብሮኝ አደገ።

ባለፈው ክረምት መጋዘኔን ሳስተካክል ከአሮጌ ራዲዮኖች ሥር ወጣ። እንደ ትልቅ መጽሐፍ ጠፍጣፋ የሆነ ቡናማ ሳጥን ነው። ላዩ ላይ የቼዝ ሰሌዳ አለ፤ በጎኑና በግርጌው የምስር ፍሬ የሚያካክሉ መብራቶች ተደርድረዋል። አንድ ነጭ ፈረስ በላስቲክ ታስሮበታል። አቧራውን ስጠርገው ያ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ከሽታው ጋር ደግሞ ዝናቡ፣ የቀበሌው ቆርቆሮ ጣሪያና የጋሽ ሰይድ የቤንዚን ጣቶች መጡ።

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ከተበተነ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እኔ ያን ጊዜ ሱቅ በደረቴ ነበርኩ፤ ማስቲካና ከረሜላ በካርቶን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከሙጋድ እስከ ፒያሳ እዞራለሁ። ከትምህርት ቤት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ማን ማንን እንደተወ እስከ ዛሬ አልተጣራም። ጋሽ ሰይድም ከተበተነው ሠራዊት የተረፉ ሰው ነበሩ። ጦሩ ውስጥ ሳሉ ቼዝን ከሩሲያ አማካሪዎች ተምረው፣ ኋላ አስተማሪዎቻቸውን ራሳቸውን ያሸንፉ ነበር አሉ። ደሴ ተመልሰው በአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሰዓት መጠገን ያዙ። የሰዓት ጥርስ በቤንዚን ሲያጥቡ ስለሚውሉ እጃቸው ሁልጊዜ ቤንዚን ይሸታል። ከተማው ግን በሰዓት ሠሪነታቸው አያውቃቸውም፤ “ማስተር” ነው የሚላቸው።

ቀበሌው ከአዳራሹ ኋላ አንድ ክፍል ለቼዝ ሰጥቷቸው ነበር። አራት ሰሌዳ፣ ስድስት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ መስኮት። የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ዝናቡ ሲወርድ ካርቶኔን በላስቲክ ሸፍኜ እዚያ እገባለሁ። መጀመሪያ የገባሁት ለመጠለል ነው፤ ሁለተኛ ቀን ጋሽ ሰይድ “ቁመህ ከምታንጠባጥብ ተቀመጥና ተማር” አሉኝ። ሰው ሳያባርረኝ የተቀመጥኩበት የመጀመሪያው ቤት ያ ነው። ትምህርት ቤት ምን ተማርክ ቢሉኝ ያንን ክፍል ነው የምጠራው።

ጋሽ ሰይድ አንድ ልማድ ነበራቸው። እንግዳ ባዶ እጁን አይገጥሙም። ከኩታበር ለሚመጣው አስተማሪ አንድ ወታደር ከራሳቸው ሠራዊት አንስተው ይሰጡታል። ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ሁለት፣ “ከቆላ ወጥቶ እስኪተነፍስ” ይላሉ። የሚሰጡትንም ወደ ጎን አይጥሉትም፤ ከወንበራቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው ያቀብላሉ። እንግዳውም ተነስቶ “አላህ ይስጥልን” ብሎ ይቀበልና ፊት ለፊቱ ያኖረዋል። ያኔ ነው ጨዋታው የሚጀመረው። ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ የወሎ ሰው እንግዳውን በባዶ አይቀበልም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያለ ምሕረት ነበር የሚያሸንፉት።

ክፍሉ ላይ ዓይኑን የጣለ ሰው መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከረንቡላ ሊያስገባበት ፈለገ። “ቼዝ ምን ያስገባል? ዝናብ ነው የሚያስገባ!” ይላል ወደ እኔ እያየ። በዚያው ሰሞን ኢንጂነር ጌታቸው የሚባሉ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሰው የማስተርን ወሬ ሰምተው ያንን ሳጥን ተሸክመው የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጡ። ጀርመን ሲማሩ የገዙት ነው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ቋንቋ ሳይችሉ፣ ከማንም ሳይግባቡ፣ በየማታው የሚያጫውታቸው እሱ ብቻ እንደነበረ ሲነግሩን ሳጥኑን በመዳፋቸው ደባበሱት።

“ማን ያንቀሳቅስለታል?” አሉ ጋሽ ሰይድ።

“ራሱ ያስባል፤ መብራት ያሳየናል፣ እኛ እናንቀሳቅስለታለን።”

“ከጀርመን ድረስ መጥቶ? ይኸማ የሩቅ እንግዳ ነው። ወታደር አይመጥነውም፤ ፈረስ ይገባዋል።”

ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበርና ቃሏን ከአየር ላይ ቀለባት። “በሰው ፊት ልበል? ፈረስ ሰጥተህ ካሸነፍክ ክፍሉ ያንተ ነው፣ ሁለተኛ አላነሳውም። ከተሸነፍክ ሰኞ ከረንቡላው ይገባል።”

ጋሽ ሰይድ የሚሠሩትን ሰዓት ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡት። “ቅዳሜ ከአሱር ሶላት በኋላ” አሉ።

ቅዳሜ ከተማው ሁሉ መጣ ማለት ይቻላል፤ ያልገባው በመስኮቱ አንገቱን አስገብቷል። ኢንጂነር ጌታቸው የማሽኑ እጅ እንድሆን እኔን መረጡኝ። ከካርቶኔ አንድ ከረሜላ ገዙና መልሰው ለእኔው ሰጡኝ፤ ዕቃዬን ገዝቶ ያጎረሰኝ ደንበኛ ከዚያ በፊትም በኋላም አልገጠመኝም። ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ጋሽ ሰይድ ሲያንቀሳቅሱ ዕቃው የተነሳበትን ቤት በጣቴ እጫናለሁ፣ ያረፈበትንም እጫናለሁ። ማሽኑ ሲያስብ ቆይቶ በመብራት የራሱን ይነግረኛል።

“ዋናውን እንዳትረሳ፣ ሙሄ” አሉኝ። “ፈረሱ ከሰሌዳው ሲነሳ ይችን ቁልፍ ተጫን፣ ከዚያ የፈረሱን ቤት። ማሽን አያይም፤ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ካልነገርከው ፈረሱ አሁንም እዚያ የቆመ ይመስለዋል።”

“እሺ ጋሼ” አልኩ፣ አፌ በከረሜላ ተሞልቶ።

ጋሽ ሰይድ ተነሱ። በስተግራ ያለውን ነጭ ፈረሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ማሽኑ ዘረጉ። ማሽኑ እጅ የለውም፤ እጁ እኔ ነኝ። ተነስቼ ጎንበስ ብዬ “አላህ ይስጥልን” ስል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከመስኮቱ አንዱ “እንግዳው አማርኛ ለመደ እኮ!” አለ። እንደዚያ ሁሉ ሰው በእኔ ስቆ አያውቅም፤ ደስ አለኝ። ፈረሱን በክብር ማሽኑ ፊት አኖርኩትና ተቀመጥኩ። ቁልፏን ረሳኋት። ለእንግዳው ሰጠነው፣ እንግዳው ግን መቀበሉን አላወቀም።

ጨዋታው ተጀመረ። መብራቱ ብልጭ ይላል፣ እኔ አንቀሳቅሳለሁ፣ ሰው ትንፋሹን ይውጣል። ማሽኑ ጎበዝ ነበር። ጋሽ ሰይድ በፈረስ ጎድለው ሲታገሉ ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ፤ ደሴ ላይ፣ በዚያ ብርድ። ሊቀመንበሩ ክፍሉን በዓይኑ ይለካ ነበር፤ ከረንቡላው የት እንደሚቆም እያሰበ መሆኑን ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ከአሥር ምናምን እርምጃ በኋላ መብራቱ አንድ እብድ ነገር አሳየ። በሰያፍ የሚሄደውን፣ ጳጳስ የምንለውን፣ ሰሌዳውን አቋርጦ ጋሽ ሰይድ ጉያ ውስጥ፣ ፈረሱ ተነስቶ ባዶ በቀረው ቤት ላይ አኑረው አለኝ። ምንም በሌለበት ቦታ፣ ጥግ ላይ ከቆመው ግንባቸው አፍ ሥር። አኖርኩት።

“አበደ!” አለ መስኮቱ። “ጳጳሱን በነጻ!” “ጋሽ ጌታቸው፣ ጠበል ይውሰዱት!”

እኔ ግን ጆሮዬ ጋለ። ማሽኑ አላበደም። እዚያ ቤት ላይ ፈረስ ይታየዋል፤ ጳጳሱን ሰጥቶ ፈረስ መብላቱ ነው፣ ደህና ልውውጥ። እኔ ስላልነገርኩት የሌለ ፈረስ ሊበላ መጣ። አሁን ግንቡ ጳጳሱን ከበላው ጋሽ ሰይድ የሰጡት ሁሉ ተመለሰላቸው ማለት ነው።

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን አንስተው አየር ላይ አቆሙት። ባዶ የነበረውን ቤት ረጅም ጊዜ አዩት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። እኔ ካርቶኔን አየሁ።

ኢንጂነር ጌታቸው ተነሱ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። “ሙሄ፣ ፈረሱን ነግረኸዋል?”

አልነገርኩትም ብል ጨዋታው ይፈርሳል፤ እንደገና ይጀመራል፤ ማሽኑም ዓይኑ ተከፍቶ ይገጥማል። ላባቸውን አይቻለሁ። ሊቀመንበሩን አየሁት። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሰኞ ያ ዝናብ የት እንደሚያገኘኝ አውቃለሁ።

“ነግሬዋለሁ።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“ወላሂ ነግሬዋለሁ።”

ኢንጂነሩ ክርስቲያን ናቸው፤ ግን የወሎ ክርስቲያን ናቸው። የእስላም ልጅ ወላሂ ካለ ሌላ ምስክር አይጠሩም። “በቃ” አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። “ልጁ ምሏል። የተበላሸው ማሽኑ ነው።” ተቀመጡና ዓይናቸውን ሳጥኑ ላይ ጣሉ፤ ሐኪም ቤት የታመመ ወንድም አጠገብ እንደሚቀመጥ ሰው።

ጋሽ ሰይድ በግንባቸው ጳጳሱን በሉት። መግሪብ ሳይደርስ አሸነፉ። ሰዉ ተሸከማቸው። እሳቸው ግን በሰዉ ትከሻ ላይ ሆነው እንደተሳፈረ ሰው ወደ ፊት ብቻ ያዩ ነበር። ሊቀመንበሩ ቃሉን ጠበቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው አሉ፣ የሚያውቁት ሰዎች። ቤቱ ጋብ ሲል ኢንጂነር ጌታቸው ኮታቸውን ለበሱ። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ተዉት። “የታመመ እንግዳ ይዤ ሐረጎን አልወርድም፤ እዚሁ ይረፍ” ብለው ሊስቁ ሞከሩ። ሲወጡ ራሴን ዳበሱኝ። ይህችን መዳበስ ነው እስከ ዛሬ ያልቻልኳት። ከዚያ ወዲያ ደሴ ቼዝ ሊጫወቱ አልመጡም።

እናቴ “የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም” ትል ነበር። ልክ ናት፤ እኔ በስንት ነገር አሽቼዋለሁ። ክፍሉ ብዙ ዓመት ቆየ፤ ብዙ የጎዳና ልጅ እዚያ ከዝናብ ተጠልሏል፣ አንዳንዱ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ይህን ለራሴ እየቆጠርኩ አድራለሁ። ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የመጀመሪያው የኩታበር እንግዳ መጥቶ፣ እንደ ልማዱ ወታደሩን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ሲቆም፣ ጋሽ ሰይድ “ዛሬስ እኩል እንጫወት፣ ወንድሜ” አሉት። እስኪሞቱ ድረስ ለማንም ምንም ሰጥተው አልገጠሙም። ለምን አላልኳቸውም። እሳቸውም ያን ቀን ምን አደረግክ አላሉኝም። ቤንዚን የሚሸተው እጃቸው ግን ሁልጊዜ ለእኔ ወንበር ይስብልኝ ነበር።

ክፍሉ ኋላ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሆን ጋሽ ሰይድ ማሽኑን አምጥተው ሰጡኝ፤ ያን ፈረስም በላስቲክ አስረውበት ነበር። “እንግዳ በሰው ቤት ይህን ያህል አይቆይም፣ ሙሄ። ሸኘው” አሉኝ። እሺ ብዬ መጋዘን ከተትኩት። በየሳምንቱ ለዕቃ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ መንገዱ ጠፍቶኝ አልነበረም። ጋሽ ሰይድ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ሳልሸኘው ሞቱ።

አሁን ልጄ በስልኩ ቼዝ ይጫወታል። ስልኩ ሁሉን ያያል፣ ምንም አይነገረውም። ልጄም ሲሸነፍ ያጠፋውና እንደገና ይጀምራል፤ ማንም “ነግረኸዋል?” አይለውም። ጎበዝ ነው፣ እኔን ያሸንፈኛል። ግን ለሚገጥመው ሰው ተነስቶ ሲያቀብል፣ ተነስቶም ሲቀበል አላየሁትም። ባለፈው ክረምት ታዲያ ሳጥኑን ጠርጌ አዲስ ባትሪ ገዛሁለትና ሐረጎን ወረድኩ።

ኢንጂነር ጌታቸው ጡረታ ወጥተው ግቢያቸው ውስጥ ፓፓያ ሥር ተቀምጠዋል። ሳጥኑን ሲያዩ ከእኔ በፊት እሱን ነው ሰላም ያሉት።

“ጋሼ፣ ያን ቀን አልነገርኩትም” አልኳቸው። የትኛው ቀን አላሉኝም።

“ወላሂ ብለህ ነበር።”

“ብዬ ነበር።”

መብራቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ። “ደህና ነበር ማለት ነው” አሉ፣ ለራሳቸው። ቀና አሉ። “ሰይድ ያውቅ ነበር?”

ያ አየር ላይ የቆመ እጅ ታየኝ። “አያውቁም ነበር” አልኩ።

ጠበቁኝ። ወላሂ አላልኩም። እሳቸውም በል አላሉኝም። ራሳቸውን ሁለት ጊዜ ነቀነቁና ዕቃዎቹን ከሳጥኑ ሆድ አውጥተው መደርደር ጀመሩ። ሲጨርሱ ከማሽኑ በኩል አንድ ጥቁር ፈረስ አነሱ፤ ጉልበታቸውን እየደገፉ ቆሙና በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

“ከደሴ ነው የመጣኸው። እንግዳ ነህ።”

ተነስቼ ተቀበልኳቸው። ሳጥኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። “በል ንገረው” አሉኝ።

ቁልፏን ተጫንኩ፣ ቀጥሎ የፈረሱን ቤት። ማሽኑ አንዴ ጢጥ ብሎ ተቀበለ። ይኸው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጣት ማሳረፍ።